መውጫ ያለው ውል፦ የስልክ ደንበኛና የሙግት መብቱ ከመንዝ እስከ መርሐ ቤቴ

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መሆኑ የታወቀ ነው። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው መስመር በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከተዘረጋበት ጊዜ አንሥቶ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ አገልግሎቱ በመንግሥት እጅ ብቻ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ስም ተለዋውጧል፤ በ1945 ዓ.ም. በቦርድ መልክ ተቋቋመ፣ በደርግ ዘመን ባለሥልጣን ተባለ፣ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሆነ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ተሰኘ። ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምርም ደንበኛው የሚፈርመው ውል ከዚያው ከአንዱ ድርጅት ጋር ነበር።

ይህ ሁኔታ በውል ታሪክ ውስጥ አንድ የተለየ ጠባይ ፈጥሮ ቆይቷል። ደንበኛው ሒሳቡ ያለ አግባብ ተጨመረብኝ፣ መስመሬ ያለ ማስጠንቀቂያ ተቋረጠብኝ ቢል፣ የሚያቀርበው ነገር ከሙግት ይልቅ አቤቱታ ነበር። ተሟጋች «ካልተስማማን እንለያይ» ለማለት ይችላል፤ አቤት ባይ ግን የሚሄድበት ሌላ ደጅ የለውም። በዚህ ምክንያት ውሉ ሁለት ወገን ያለው ቢመስልም፣ ከሁለቱ አንደኛው መውጫ አልነበረውም።

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ሕዝብ ግን ውልንና ሙግትን የሚያውቀው ከስልክ በፊት ነው። በደጋው ዘንድ ውል በምስክር ፊት በቃል ይገባ ነበር፤ ዋስ ይጠራበታል፤ ቢፈርስም ከሽማግሌ ወይም ከዳኛ ፊት ይቆሙበታል። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ከመንገዱ ይቆማል፤ ባለጋራዎችም ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። በመንዝ የጓሳ ምድር የነበረው ሥርዐት ደግሞ የጋራ ውል እንዴት እንደሚጸና ያሳያል። ለቤት ክዳን የሚታጨደው የጓሳ ሣር እንዲያገግም መሬቱ በቄሮ ሥርዐት ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና በጊዜው ይከፈት ነበር። ይህ ሥርዐት እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ሊዘልቅ የቻለው ጠባቂ ስለ ነበረው ብቻ አይደለም፤ ባለ ድርሻ ሁሉ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ያውቅ ስለ ነበር ነው። በሬ በቀንዱ፣ ሰው በቃሉ ይታሰራል ይባላል። ቃሉን ያልሰጠ፣ የውሉንም ቃል ያልሰማ ሰው ግን በምን ይታሰራል?

ለዚህ ጥያቄ የጽሑፍ መልስ የሰጠው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ይህ ሕግ በቍጥር 3347 የቀድሞውን ልማድ በአዲስ ድንጋጌ ቢተካም፣ ከልማዱ መንፈስ ፈጽሞ አልራቀም። በቍጥር 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው ይላል። በቍጥር 1686 ደግሞ አንደኛው ተዋዋይ ለሥራው የሚጠቀምባቸው ጠቅላላ ሁኔታዎች፣ ሌላው ወገን ዐውቆ ካልተቀበላቸው ወይም የመንግሥት ባለሥልጣን ካልወሰናቸው ወይም ካላጸደቃቸው በቀር፣ አያስገድዱትም ሲል ይደነግጋል። ይህ ቃል ከሞባይል ስልክ አርባ ዓመት ያህል ቀድሞ የተጻፈ ቢሆንም፣ በደቃቅ ፊደል ለተሞላው የዛሬው የደንበኝነት ቅጽ የተጻፈ ይመስላል።

የመውጫው በር የተከፈተው በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ነው። አዋጁ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ ባለሥልጣኑም የደንበኞችን መብትና ጥበቃ የሚመለከት መመሪያ አወጣ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. በሳፋሪኮም የሚመራው ኅብረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አገኘ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ፣ በመስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ አገልግሎቱን ጀመረ። የነባሩ ድርጅት የሞባይል ቁጥር በ09 ሲጀምር፣ የአዲሱ በ07 ሆነ። ከዚያ ወዲህ አቤቱታ ወደ ሙግት ሊለወጥ የሚችልበት ጊዜ መጣ።

ድርጅት በሚለወጥበት ጊዜ የሚነሣው ክርክር ብዙውን ጊዜ በሦስት ነገሮች ላይ ያርፋል። የመጀመሪያው የቀሪ ዕዳ ነገር ነው። ስልኩ በየወሩ ሊከፈል በዱቤ ተሰጥቶ ከሆነ፣ ያልተከፈለው የዕቃው ዋጋ በውነት ዕዳ ነው፤ ውሉ ከጊዜው በፊት ስለ ፈረሰ የሚጠየቀው ገንዘብ ግን ቅጣት ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ በውሉ ተጽፎ ደንበኛው የተቀበለው መሆን አለበት። ሁለቱን በአንድ ደረሰኝ መደባለቅ የብዙ ጠብ ምንጭ ነው። ሁለተኛው የቀን ነገር ነው፤ አገልግሎቱ የተቋረጠው ደንበኛው ባስታወቀበት ቀን ነው ወይስ ድርጅቱ በመዝገቡ ባሰፈረበት ቀን? ሦስተኛው የቁጥር ነገር ነው። በቅድመ ክፍያ የሚጠቀም ሰው የረጅም ጊዜ ግዴታ ላይኖርበት ይችላል። ሆኖም የቆየው ቁጥሩ ከባንክ ሒሳቡ፣ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህም ከቴሌብር ጋር ተሳስሮ ከሆነ፣ ቁጥሩን መተው ቤትን ለቆ ቁልፉን ለሌላ እንደ መስጠት ይሆንበታል። በሌላው ዓለም ይህን ቋጠሮ የፈታው ቁጥርን ይዞ መሸጋገር የሚባለው አሠራር ነው፤ ሲንጋፖር በ1997፣ አሜሪካ በ2003፣ ጎረቤት ኬንያ በ2011 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጀምረውታል።

ወደ ደጋው ሲመለሱ ደግሞ አራተኛ ነገር ይታከላል፤ እርሱም የምድሩ አቀማመጥ ነው። የሬዲዮ ሞገድ ተራራን አያልፍም፣ ወደ ገደልም በቀላሉ አይወርድም። የመንዝ አምባ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 3,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል፤ መርሐ ቤቴ በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች የተከበበ ነው። የከተማ ሰው ድርጅት የሚመርጠው በዋጋ ሊሆን ይችላል፤ የደጋው ገበሬ ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው የማን አንቴና ከቀየው እንደሚደርስ ነው። ስለዚህ በጌራ ምድር ወይም በዓለም ከተማ አካባቢ ለሚኖር ደንበኛ ዋናው የውል ጥያቄ የተከፈለበት አገልግሎት ደርሷል ወይስ አልደረሰም የሚለው ነው። ሕጉ በቍጥር 1772 ውሉን ያልፈጸመውን ወገን ለመክሰስ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት እንደሚያሻ ይደነግጋል። ቀኑንና የታጣውን አገልግሎት በጽሑፍ ያመለከተ፣ የማመልከቻውንም ግልባጭ ያስቀረ ሰው፣ በቃል ብቻ ካማረረው ይልቅ ብርቱ ሙግት ይኖረዋል።

እንግዲህ የሁለተኛ ድርጅት መምጣት ብቻውን ደንበኛን ባለ መብት አያደርገውም። ውሉ በሚያውቀው ቋንቋ ካልተነገረው፣ ዕዳውና ቅጣቱ ካልተለየለት፣ ቁጥሩም ካልተከተለው በሩ ተከፍቶ ሳለ ሰውየው ከውስጥ ይቀራል። በቃል ይዋዋል የነበረው የደጋ ሰው ምስክር ይጠራ የነበረው የሰማው ቃል በኋላ እንዳይለወጥበት ነበር። የዛሬው ተዋዋይ ምስክሩ በእጁ የያዘው ወረቀትና በስልኩ የተቀመጠው መልእክት ነው፤ ሊጠብቀው ይገባል። የውሉን ቃል አስቀድሞ አጥርቶ የማስረዳቱ ግዴታ ግን ቅጹን ባዘጋጀው ላይ ይወድቃል።