የእቴጌዋ ግቢ፦ ቁስቋም እንደ ቤተሰብ ቤት

ከፀዳ ተነስቶ በአዘዞ በኩል ወደ ጎንደር የሚዘልቅ መንገደኛ የነገሥታቱን ደጅ ተራ በተራ ያልፋል። አዘዞ ላይ አፄ ሱስንዮስ ያሠሩት ገነተ ኢየሱስ አለ፤ አፅማቸው ያረፈውም እዚያው ነው። ከተማው መሃል የልጃቸው የአፄ ፋሲል ግንብ ቆሟል። እንግዳው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ አያልፍም፤ ግንቡን ዞሮ አይቶ ይመለሳል። በሰሜን ምዕራብ በኩል ካለው ኮረብታ ላይ ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም የሚወጣው ጥቂቱ ነው። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የጎንደርን ዘመን አነሣሥና አወዳደቅ ከሥሩ መረዳት የሚፈልግ ሰው መጀመር ያለበት ከቁስቋም ነው። ፋሲል ግቢ ችሎትና ዙፋን የነበረበት ነው። ቁስቋም ግን አንዲት እናት ልጅና የልጅ ልጅ ያሳደገችበት፣ ሴት ልጆቿን የዳረችበት፣ በኋላም ወንዶቹን የቀበረችበት ቤት ነው።

እቴጌ ምንትዋብ ትውልዳቸው ቋራ ነው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የዙፋን ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ይባላል። ባለቤታቸው አፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበሩ። እቴጌዋ ልጃቸውን አነገሡ፤ ብዙ ሳይቆዩ እርሳቸውም ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር አገር መምራት ያዙ። ወንድማቸው ወልደ ልዑል ራስ ሆኑ፤ ሌሎቹም የቋራ ዘመዶቻቸው በየሹመቱ ገቡ። ወጣቱን ንጉሥ ሰው “ቋረኛ ኢያሱ” ማለቱ ያለ ነገር አልነበረም፤ በእናታቸው ወገን ብርታት የቆሙ ንጉሥ ነበሩና።

ከመሃል ከተማው ወጣ ብለው ቁስቋምን ያሠሩት በዚህ የሥልጣን ዘመናቸው ነው። ቅድስት ድንግል ማርያም ከልጇ ጋር በግብፅ ተሰድዳ ለተቀመጠችበት ደብረ ቁስቋም መታሰቢያ እንዲሆን ቤተ ክርስቲያን ተከሉ፤ ከአጠገቡም ቤተ መንግሥታቸውን አቆሙ። ዛሬ ጣራው የለም፤ ግድግዳው ግን ብዙ ይናገራል። በቀይ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎችና የእንስሳት ምስሎች አሁንም ይታያሉ። የግብር አዳራሹ ስፋት ስንት ሰው ይበላበት እንደነበር ያሳስባል። በጣና ደሴት ላይ ያለችውን ናርጋ ሥላሴን ያሠሩትም እኚሁ እቴጌ ናቸው፤ በግድግዳው ሥዕል ላይ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ሕንፃና ሥዕል የሚወዱ ሴት እንደነበሩ ሁለቱን ቦታዎች ያየ ሰው አይጠራጠርም።

ወደ ቤተሰቡ ልመለስ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ከበካፋ ዕረፍት በኋላ ምንትዋብ የንጉሡ ዘመድ ከሆኑት ከምልምል ኢያሱ ጋር ኖረው ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ፦ አስቴር፣ ወለተ እስራኤልና አልጣሽ። ወለተ እስራኤል ለጎጃሙ ደጃዝማች ዮሴዴቅ ተዳሩ፤ በኋላ ጎጃምን የገዙት ራስ ኃይሉ የእርሳቸው ልጅ ናቸው። አስቴርን የበጌምድሩ ማርያም ባርያው አገቧቸው። አልጣሽ ለትግራዩ ራስ ሚካኤል ስሑል ልጅ ለወልደ ሐዋርያት ተሰጡ። አፄ ኢያሱ ደግሞ ከወሎ ኦሮሞ ባላባት ቤት ውቢትን አገቡ፤ ከእርሳቸውም ኢዮአስ ተወለዱ። እንዲህ ሆኖ ቋራ፣ ጎጃም፣ በጌምድር፣ ትግራይና ወሎ በአንድ ቤት ማዕድ ዙሪያ ተቀመጡ። ምንትዋብ በጦር ሊይዙት የማይችሉትን አገር በጋብቻ አሰሩት። እስከቆየ ድረስ ትልቅ ጥበብ ነበር።

አልቆየም። ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሲያርፉ ሕፃኑ ኢዮአስ ነገሡ፤ አያት እንደገና ሞግዚት ሆኑ። አሁን ግን የንጉሡ እናት ውቢት አሉ፤ ወንድሞቻቸውም ወደ ቤተ መንግሥቱ ገቡ። የቋራና የወሎ ዘመዶች ተፋጠጡ። ሁለቱን እንዲያስታርቁ የተጠሩት ራስ ሚካኤል ሁለቱንም አሸንፈው በ1761 ዓ.ም. ኢዮአስን አስገደሉ። ማርያም ባርያው ተገድለው ነበርና አስቴርን ያገቧቸው ራሳቸው ሚካኤል ናቸው። እስቲ ይህን በአንዲት እናት ዓይን ተመልከቱት፦ የልጅ ልጃቸውን ያስገደለው ሰው የልጃቸው ባል ሆነ። የታሪክ መጽሐፍ የዘመነ መሳፍንትን መጀመሪያ በአንድ ዓመተ ምሕረት ጽፎ ያልፋል፤ ቁስቋም ውስጥ ግን ጉዳዩ የቤት ሐዘን ነበር።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲደርስ ያገኘው ይህንን ቤት ነው። ፈንጣጣ ገብቶ ልጆቹ ታመው ነበር። ብሩስ በሮችና መስኮቶች እንዲከፈቱ፣ ቤቱ በዕጣንና በከርቤ እንዲታጠን፣ በሆምጣጤና በሙቅ ውሃ እንዲታጠብ አደረገ። የአስቴር ልጅ ክንፉ ዳነ፤ የአልጣሽ ባል ወልደ ሐዋርያት በዚያው በሽታ ሞተ። ብሩስ በእቴጌዋ ቤት ተከብሮ ተቀመጠ፤ ሲመለስ ከያዛቸው ብራናዎች መካከል የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1790 ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ አውሮፓን ያስደነቀው በዓባይ ምንጭ ታሪኩ ነበር። እኔ የምወድለት ግን የቁስቋምን ጓዳ የገለጸበትን ክፍል ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደተኮራረፈ፣ የትኛዋ እናት ስለ የትኛው ልጅ እንደተጨነቀች የምናነብበት ሌላ ምስክር ብዙ የለንም።

ምንትዋብ በ1765 ዓ.ም. አረፉ። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም ተቃጠለች፤ ቤተ ክርስቲያኑ እንደገና የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ሁሉ መከራ መካከል የሦስቱ፣ የእናት፣ የልጅና የልጅ ልጅ፣ አፅም አልጠፋም። ዛሬም በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ይታያል። ይህን የጠበቀው መንግሥት ሳይሆን ደብሩ ነው፦ ካህናቱ፣ ዲያቆናቱ፣ የአካባቢው ሰው። በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ቁስቋም ከፋሲል ግቢ ጋር በ1972 ዓ.ም. ተጽፋለች፤ ሕዝቡ ግን ከዚያ በፊት ለመቶ ዓመት ያህል ያለ ማንም ደብዳቤ ሲጠብቃት ኖሯል።

ግቢው ሕይወት የሚዘራበት ወቅት ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ማኅሌቱ በሌሊት ይቆማል፤ ኅዳር 6 ቀን የቁስቋም በዓል ይነግሣል። ያን ዕለት ነጠላ የለበሰው ምእመን ከየሰፈሩ ኮረብታውን ይወጣል። እቴጌዋ የተከሏት ደብር ዛሬም ለእመቤታችን ስደት ማኅሌት ትቆማለች፤ ሥራቸው አልተቋረጠም ማለት ነው።

የጎደለው ታሪኩን መንገር ነው። ጎብኚ ሲመጣ የሚሰማው የግንብ ዘመንና የቅርጽ ዓይነት ነው፤ የዚህ ቤተሰብ የዘር ሐረግ በአንድ ሰሌዳ ተስሎ ቢቆም ማንም በአሥር ደቂቃ የዘመኑን ፖለቲካ ይረዳዋል። በከተማው መሃል በራስ ሚካኤል ስም የሚጠራው ራስ ግንብ ሙዚየም ሆኗል፤ ሁለቱን ቦታዎች አገናኝቶ የሚያስጎበኝ ሰው ቢኖር የአማቹና የአማቲቱ ታሪክ ይገጥም ነበር። በእንግሊዝ ባዝ ከተማ አፄ ኃይለ ሥላሴ በስደት የኖሩበት ፌርፊልድ ሀውስ ታሪክን በሕያው ቤት ውስጥ ለመንገር ጥሩ ምሳሌ ነው። ንጉሡ በ1950 ዓ.ም. ለከተማው አረጋውያን ሰጡት፤ ዛሬም አረጋውያን ይገናኙበታል፣ ራስተፈሪያን በዓል ያከብሩበታል፣ ታሪኩም አብሮ ይነገራል። ቁስቋም ምእመኑም በዓሉም አላት። የሚያስፈልጋት የደብሩን አዋቂ ካህናት እንደ መምህር ቆጥሮ የሚያውቁትን መመዝገብ፣ ለጥበቃቸውም ከጎብኚው ገቢ ተገቢውን ድርሻ መስጠት ነው። ከፀዳና ከአዘዞ ትምህርት ቤቶችም ተማሪዎች ጽጌ ሲገባ ይምጡ፤ ሰሌዳው እስኪቆም ድረስ የአስቴርንና የወለተ እስራኤልን ታሪክ ካህናቱ ይንገሯቸው።