አሮጌ ማንዶሊንና የአገር ባህል የክር መሣሪያዎች፦ የዋጋ አገማመትና ሕጋዊ የሽያጭ ሥርዓት

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶ፣ በባኮና በሌሎች የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ከወላጅ ወይም ከአያት የተወረሰ የሙዚቃ መሣሪያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ወይም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። ባለቤቱ ለመሸጥ ሲያስብ ሁለት ዓይነት ስሕተት ሊፈጽም ይችላል። አንደኛው ትልቅ ዋጋ ያለውን ዕቃ እንደ ተራ አሮጌ ዕቃ ቆጥሮ በርካሽ መስጠት ነው። ሁለተኛው በሕግ ጥበቃ የሚደረግለትን ቅርስ እንደ ማንኛውም የግል ዕቃ ለገበያ ማቅረብ ነው። ሁለቱም ከተፈጸሙ በኋላ ለማረም አስቸጋሪ ናቸው። ይህ ጽሑፍ ባለቤቶች ከመሸጣቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮችን በቅደም ተከተል ያቀርባል።

1. መሣሪያውን መለየት

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት መሣሪያው ከውጭ አገር የገባ የፋብሪካ ወይም የባለሙያ ሥራ ነው ወይስ የአገር ውስጥ ባህላዊ ሥራ ነው የሚለው ነው። የዋጋ አገማመቱም ሆነ ተፈጻሚ የሚሆነው ሕግ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው።

ማንዶሊን በጥንድ በጥንድ የተደረደሩ ስምንት የብረት ክሮች ያሉት፣ እንደ ቫዮሊን የሚቃኝና በመምቻ የሚጫወት አነስተኛ መሣሪያ ነው። ከእርሱ የሚተልቀውና ወፍራም ድምፅ ያለው ማንዶላ፣ ከዚያም የሚበልጠው ማንዶቼሎ ይባላል። በአገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ ውስጥ ማንዶሊን የራሱ ቦታ ያለው ሲሆን፣ አየለ ማሞ በዚሁ መሣሪያ ተጫዋችነት ይታወቃሉ።

ባህላዊዎቹ የክር መሣሪያዎች በቀላሉ ይለያሉ። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር አለው። በገና ከአንድ ሜትር በላይ ቁመት ሊኖረው የሚችል፣ ከበግ አንጀት የተሠሩ አሥር አውታሮች ያሉት መሣሪያ ነው። ማሲንቆ ደግሞ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ያለውና በደጋን የሚጫወት ነው።

2. የማንዶሊን ዋጋ በምን ይታወቃል?

አንድ ማንዶሊን ስላረጀ ብቻ ብርቅ አይሆንም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በጣሊያን አገር፣ በተለይም በናፖሊና በካታኒያ፣ ጀርባቸው እንደ ጎድጓዳ ሳህን የሆነ እጅግ ብዙ ማንዶሊኖች ለገበያ ተሠርተዋል። ብዙዎቹ በዛጎልና በኤሊ ቅርፊት ያጌጡ በመሆናቸው ለዓይን ውድ ይመስላሉ። ሆኖም ቁጥራቸው ብዙ ስለሆነና አንገታቸው ለመጣመም ስለሚጋለጥ የሚያወጡት ዋጋ ዝቅተኛ ነው።

በአንጻሩ የታወቁ ባለሙያዎች ሥራዎች ከፍተኛ ተፈላጊነት አላቸው። የናፖሊዎቹ የቪናቻና የካላቼ ቤተሰቦች እንዲሁም የሮማው ሉዊጂ ኤምበርገር ከእነዚህ መካከል ናቸው። ከአሜሪካ በኩል በካላማዙ ከተማ ይሠራ የነበረው የጊብሰን ኩባንያ ኤፍ-5 የተሰኘው ሞዴል በእጅጉ ይፈለጋል። እ.ኤ.አ. ከ1922 እስከ 1924 ተሠርተው የሎይድ ሎር ፊርማና የተፈረመበት ቀን ያለበት መለያ ወረቀት ያላቸው ኤፍ-5 ማንዶሊኖች እያንዳንዳቸው ከ100,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ተሽጠዋል። ዋጋቸው ከፍተኛ በመሆኑም አስመስሎ የተሠራ ይበዛል። ስለሆነም ስም ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

ገማች ባለሙያ በዋናነት የሚመረምራቸው ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

*ሠሪውና ዘመኑ።* በድምፅ ቀዳዳው በኩል በባትሪ ብርሃን ሲታይ በውስጥ በኩል የተለጠፈ ወረቀት፣ ማኅተም ወይም ተከታታይ ቁጥር ሊገኝ ይችላል። ወረቀቱን መንካት፣ ማጠብ ወይም እንደገና መለጠፍ አይገባም። ወረቀቱ የሚናገረው ከእንጨቱ፣ ከአሠራሩና ከመቃኛ ቁልፎቹ ጋር መስማማቱም መታየት አለበት።

*የመጀመሪያ ይዞታው።* የመጀመሪያው ቀለም፣ ድልድይ፣ የክር መያዣና መቃኛ ቁልፍ ያልተለወጠበት መሣሪያ ይበልጥ ይፈለጋል። እንዲያምር ተብሎ የተቀባ አዲስ ቫርኒሽ የመሣሪያውን ዋጋ በእጅጉ ይቀንሳል፤ የተላጠውን የቀድሞ ቀለም መመለስም አይቻልም።

*ጉዳቱ።* የገጹ መሰንጠቅ ወይም መስመጥ፣ የአንገት መጣመም፣ የስፌት መላቀቅና የምስጥ ቀዳዳ ዋጋ ይቀንሳሉ። በሙያ የተጠገነ ስንጥቅ በተራ ሙጫ ከተለጠፈው የተሻለ ግምት ያገኛል።

*የባለቤትነት ታሪኩ።* ማን ገዛው? ከየት? መቼ? በማን እጅ አለፈ? የግዢ ደረሰኝ፣ ደብዳቤ ወይም መሣሪያውን የያዘ ሰው የሚታይበት አሮጌ ፎቶግራፍ ዋጋን ከፍ ያደርጋል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከአምቦ አቅራቢያ፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ደግሞ ከአምቦ ከተማ የተገኙ እንደመሆናቸው፣ አካባቢው በከያንያን የታወቀ ነው። ሆኖም አንድ መሣሪያ የታዋቂ ሰው ነበር የሚል ንግግር በማስረጃ እስካልተደገፈ ድረስ በዋጋ ላይ ሊጨመር አይገባም። ያልተረጋገጠ ታሪክ ተናግሮ መሸጥ ሻጩን በማታለል ሊያስጠይቀው ይችላል።

*የገበያ ንጽጽር።* ንጽጽር መደረግ ያለበት በእርግጥ ከተከፈለ የሽያጭ ዋጋ ጋር ነው። ሻጮች በማስታወቂያ የሚጠሩት ዋጋ የሚመኙትን እንጂ የተከፈለውን አያሳይም። ከዚህም ሌላ አንድ ነጋዴ መልሶ ለመሸጥ ሲገዛ የሚሰጠው ዋጋ የመጨረሻው ተጠቃሚ ከሚከፍለው ያነሰ መሆኑ የታወቀ ነው።

3. የበገና፣ የክራርና የማሲንቆ ግምት

በባህላዊ መሣሪያዎች ላይ የፋብሪካ መለያና ተከታታይ ቁጥር አይገኝም። የሚመረመረው ሥራው ራሱ ነው። የበገናው ገበቴ ከአንድ ግንድ መፈልፈሉ፣ የምሰሶዎቹና የቀንበሩ ቅርጽ፣ የቆዳው አለባበስ፣ የመሣሪያ ጠባሳው፣ በእጅ መያዝ ብዛት የለሰለሰው ስፍራ ስለ ዕድሜውና ስለ አገልግሎቱ ይናገራሉ። በገናን ከሌሎች የሚለየውን የሚነዝር ድምፅ የሚሰጡት በአውታሮቹና በድልድዩ መካከል የሚገቡት ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች፣ እንዚራዎቹ፣ ናቸው። የቀድሞዎቹ እንዚራዎችና መቃኛዎች ተፈትተው ከሆነ አብረው ሊቀመጡ ይገባል።

ብዙ ባለቤቶች የሚሳሳቱት የተቀደደውን ቆዳ በአዲስ በመለወጥ፣ የአንጀቱን አውታር በናይለን በመተካት ወይም እንጨቱን በአሸዋ ወረቀት በማጽዳት ነው። ለመጫወቻ የሚፈለግ አዲስ መሣሪያ ላይ ይህ ጉዳት የለውም። ዘመን ባስቆጠረ መሣሪያ ላይ ግን የሠሪውን እጅና የተጫዋቹን ዱካ ያጠፋል። ለንጽጽር የሚሆኑ የቆዩ የኢትዮጵያ የሙዚቃ መሣሪያዎች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ይገኛሉ። በመሣሪያዎቹ ቅኝትና አጨዋወት ላይ ደግሞ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ባለሙያዎች አሉ።

ተጫዋቾቹ ያለፉባቸው ቤተሰቦች አንድ ሌላ ነገር ሊያስቡ ይገባል። መሣሪያው ማን እንደሠራው፣ በምን በዓልና በየትኛው አጋጣሚ ይጫወት እንደነበረ የሚያውቁ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ የሚያውቁትን በጽሑፍ ወይም በድምፅ መያዝ ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ መሣሪያው ቢቀር እንኳ ታሪኩ ይጠፋል፤ ታሪኩ የጠፋ መሣሪያ ደግሞ ለሙዚየምም ለገዢም ያለው ትርጉም ያነሰ ነው።

4. ሕጉ ምን ይላል?

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ታሪካዊ፣ ባህላዊ፣ ሳይንሳዊ፣ ኪነ ጥበባዊ ወይም የእደ ጥበብ ከፍተኛ ዋጋ ያላቸውን የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤቶች ቅርስ ብሎ ይተረጉማል። ስለዚህ አንድ አሮጌ በገና ወይም ክራር በዚህ ትርጓሜ ሊጠቃለል ይችላል። ቅርሶችን በብሔራዊና በክልል ደረጃ ለመመደብ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 839/2006 ወጥቷል።

አዋጁ ቅርስ በግለሰብ ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ያውቃል። በመሆኑም ማስመዝገብ ንብረትን ለመንግሥት ማስረከብ ማለት አይደለም። ይልቁንም ምዝገባ ዕቃው ቢሰረቅ ለመፈለግና ባለቤትነትን ለማስረዳት ይረዳል። ከባለቤትነት ጋር ግን ግዴታዎች አሉ፦

ሀ) ቅርሱን በሽያጭ ወይም በሌላ መንገድ ለማስተላለፍ የሚፈልግ ባለቤት ለሚመለከተው የቅርስ ባለሥልጣን አስቀድሞ ማሳወቅ ይኖርበታል፤ ሽያጭ ከሆነም ባለሥልጣኑ የቅድሚያ ግዢ መብት አለው።

ለ) ቅርስን ለንግድ ዓላማ እየገዙ መሸጥ የተከለከለ ነው።

ሐ) በቅርስ ላይ የጥገና ሥራ የሚካሄደው በቅድሚያ በሚሰጥ ፈቃድ ነው።

መ) ቅርስ ከአገር ሊወጣ የሚችለው ለሳይንሳዊ ጥናት፣ ለባህል ልውውጥ ወይም ለኤግዚቢሽን አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝና ሥልጣን ባለው አካል ሲፈቀድ ነው።

ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለሌላ ተቋም የተሰጠ መሣሪያ የተቋሙ ንብረት በመሆኑ፣ በእጁ የያዘው ሰው እንደ ግል ንብረቱ ሊሸጠው አይችልም።

5. የሽያጩ አፈጻጸም

*ባለቤትነትን ማጥራት።* ውርሱ ካልተከፋፈለ መሣሪያው የወራሾች ሁሉ የጋራ ንብረት ነው። የጋራ ንብረትን ለመሸጥ የባለድርሻዎቹ ስምምነት ያስፈልጋል። አንዱ ወንድም ወይም አንዷ እኅት ብቻቸውን የፈጸሙት ሽያጭ ቤተሰብን ለረጅም ክርክር ይዳርጋል።

*ሰነድ ማዘጋጀት።* መሣሪያው ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎንና ከራሱ በኩል ፎቶግራፍ ይነሣል፤ መለያ ወረቀቱና ጉዳቶቹ ለብቻ ይነሣሉ። ርዝመቱ፣ ስፋቱ፣ የክሮቹ ቁጥርና የሚታወቀው ታሪክ በጽሑፍ ይያዛል።

*ማስመርመር።* ባህላዊ መሣሪያ ከሆነ በቅድሚያ በወረዳው ወይም በምዕራብ ሸዋ ዞን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በኩል ቅርስ መሆን አለመሆኑ ይጠየቃል። ማንዶሊን ከሆነ ቢቻል የመግዛት ፍላጎት የሌለው ባለሙያ እንዲገምተው ይደረጋል። ገማቹና ገዢው አንድ ሰው ከሆኑ ግምቱ ለማን እንደሚያደላ ግልጽ ነው።

*የሽያጭ መንገድ መምረጥ።* በቀጥታ ለተጫዋች ወይም ለሰብሳቢ መሸጥ የተሻለ ዋጋ ሊያስገኝ ቢችልም ጊዜ ይወስዳል። ለነጋዴ መሸጥ ፈጣን ሲሆን ዋጋው ዝቅ ይላል። በአደራ አስቀምጦ ማሸጥ ከተመረጠ ዝቅተኛው ዋጋ፣ የሻጩ ድርሻ፣ የጊዜ ገደቡና ዕቃው ቢጎዳ ተጠያቂው ማን እንደሆነ በጽሑፍ መስፈር አለበት። “ለባለሙያ አሳይቼ ልመልስ” ለሚል ደላላ ያለ ፊርማና ያለ ምስክር መሣሪያን መስጠት አደገኛ ነው።

*ውል መፈጸም።* በውሉ ላይ የተዋዋዮቹ ሙሉ ስምና አድራሻ፣ የመሣሪያው ዝርዝር መግለጫና ፎቶግራፍ፣ የታወቁ ጉዳቶች፣ ዋጋውና የአከፋፈሉ ሁኔታ ይገለጻሉ፤ ምስክሮችም ይፈርማሉ። ክፍያው በባንክ በኩል ቢፈጸም ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ይሆናል።

6. ማንዶሊን ወደ ውጭ አገር ሲላክ

ከውጭ የገባ ማንዶሊን በቅርስነት ያልተመደበ ቢሆንም ሌላ ገደብ ሊያጋጥመው ይችላል። በአሮጌ የጣሊያን ማንዶሊኖች ላይ ለጌጥ የገባው ቅርፊት የባሕር ኤሊ ቅርፊት ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት፣ ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት (ሳይተስ) የባሕር ኤሊ ቅርፊትን፣ የዝሆን ጥርስንና እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የብራዚል ሮዝውድ እንጨትን ጥብቅ ቁጥጥር በሚደረግባቸው ውስጥ አካቷል። እነዚህ ያሉበት መሣሪያ ያለ ፈቃድ ከተላከ በጉምሩክ ሊወረስ ይችላል። ስለዚህ ዋጋ ከመቁረጥ በፊት ጌጡና እንጨቱ ምን እንደሆኑ መረጋገጥ፣ አስፈላጊ ከሆነም ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ማብራሪያ መጠየቅ ይገባል።

7. እስኪሸጥ ድረስ የሚደረግ አያያዝ

አምቦ ከባሕር ወለል በላይ በ2,100 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ የክረምቱ እርጥበትና የበጋው ደረቅ አየር እንጨትን በየተራ ያሳብጣሉ፣ ያኮማትራሉ። መሣሪያው ከምድጃና ከጭስ፣ ከፀሐይ ብርሃንና እርጥበት ከሚያዘው የውጭ ግድግዳ መራቅ አለበት። ለብዙ ጊዜ የማይጫወት ማንዶሊን ክሮቹ ጥቂት ይላላሉ እንጂ ሁሉም ተፈትተው አይወጡም። አቧራ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ዘይት፣ ቅቤ ወይም የቤት ዕቃ ማወልወያ አይቀባም።

መሣሪያው ከተመዘገበ፣ ፎቶግራፍ ከተነሣና ታሪኩ ከተጻፈ በኋላ ባለቤቱ ለመሸጥም ሆነ ለልጆቹ ለማቆየት የሚወስነው ውሳኔ በእውቀት ላይ የተመሠረተ ይሆናል። ለሙዚየም በስጦታ ወይም በውሰት መስጠትም ከሽያጭ ሌላ ያለ አማራጭ ነው። ተጨማሪ ማብራሪያ የሚፈልጉ ባለቤቶች በቅርብ የሚገኘውን የወረዳ ወይም የዞን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አልያም አዲስ አበባ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን መጠየቅ ይችላሉ።