ጠጉሯን የቈረጠችው የሜክሲኮ ባለቅኔ

አንባቢ ሆይ፤ ሜክሲኮ በስፔን ንጉሥ ሥር ሳለች ሴት ልጅ የምትከበረው በመልኳና በጠጉሯ ነበር። ኹዋና ኢኔስ ግን ላቲን ስትማር ጠጉሯን በጣት እየለካች ትቈርጥ፣ ተመልሶ እስኪያድግ ድረስ ያሰበችውን ካላወቀች እንደ ገና ትቈርጠው ነበር፤ ዕውቀት በሌለበት ራስ ላይ ጌጥ ምን ያደርጋል ብላ ነው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1669 በቅዱስ ጄሮም ገዳም መነኰሰች፤ ትዳርን እንዳልፈለገችም አልሸሸገችም። ከግጥሞቿ እጅግ የታወቀው፣ ሴትን አስተው ሲያበቁ መልሰው የሚነቅፏትን ወንዶች የሚወቅሰው ነው።

በ1690 የፑዌብላው ጳጳስ ዓለማዊውን ጥናት ትታ ወደ መንፈሳዊው እንድታዘነብል የሚመክር ደብዳቤ አሳተመ፤ የፈረመውም፣ ነገሩ ያስቃል፣ በሴት መነኲሲት ስም ነው። እርሷም በ1691 በጻፈችው ረዥም መልስ የጥንት ሊቃውንት ሴቶችን በስም እየጠራች ተከራከረች። የጠጉሩ ታሪክ የሚገኘው በዚሁ መልስ ውስጥ ነው። ወጥ ቤቱንም አልረሳችም፤ እንቍላል በዘይት ሲጠበስ እንደሚያያዝ፣ በፈላ የስኳር ውኃ ግን እንደሚበታተን ጽፋ፣ ለሴት የተተወውን ምድጃ የፍልስፍና መማሪያ አደረገችው። እኔስ ከመልሱ ሁሉ ይህ ክፍል ይበልጥብኛል።

በ1694 የንስሓ ቃሏን በደሟ ፈረመች፤ በ1695 በገዳሙ የገባው ወረርሽኝ የያዛቸውን እኅቶች ስታስታምም ሞተች። መልሷ በማድሪድ የታተመው በ1700 ነው።