ሃያ ጋሻ፦ የገጠር ቀበሌ ወሰን እንዴት ተሰመረ?

የየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው «መሬት ላራሹ» የሚለውን ጩኸት ነው። ጭሰኝነት መቅረቱ፣ መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ፣ አንድ የገበሬ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ መወሰኑ በየመጽሐፉ ተደጋግሞ ተጽፏል። በዚያው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ውስጥ ያለች አንዲት አጭር ድንጋጌ ግን ብዙም አልተወራላትም። የገበሬ ማኅበር የሚቋቋመው ቢያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር ስፋት ባለው አካባቢ ነው ትላለች። ዛሬ ገበሬው ግብር የሚገብርበት፣ ማዳበሪያ የሚረከብበት፣ ልጁን የሚያስከትብበትና ድምፅ የሚሰጥበት የገጠር ቀበሌ መነሻው ይህች ድንጋጌ ናት።

800 ሄክታር አራት ማዕዘን ሆኖ ቢለካ ጎኑ 2.8 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዙሪያው ከ11 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚያልፍ ነው። እግረ ጠንካራ ሰው በማለዳ ተነሥቶ ከምሳ በፊት ዞሮ ይጨርሰዋል። ነገር ግን የአገሩ መሬት ጋራና ሸለቆ እንጂ አራት ማዕዘን አይደለም። ደግሞም አዋጁ ሲወጣ ወሰን ያልነበረው ባዶ ቦታ አላገኘም፤ ከሥሩ አያቶች ያኖሯቸው ሌሎች ወሰኖች ነበሩ።

አጥቢያና ጋሻ

በሰሜኑ የርስት አገር ሰውና መሬት የሚታሰሩት በአጥቢያ ነበር። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በጎጃም ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ባካሄደው ጥናት እንዳሳየው፣ አጥቢያ ሰው የሚያስቀድስበትና የሚቀበርበት ደብር ብቻ አልነበረም። ርስት የሚቆጠረው ያንን ቦታ መጀመሪያ ካቀናው አባት ነው፤ ጉልት የሚሰጠውም፣ ጭቃ ሹም የሚሾመውም በዚያው ክልል ነው። በውስጡ ያለው ማሳ በትውልድ ቆጠራና በሙግት ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞር ነበር። የውጪው ወሰን ግን ይቆያል። ወንዝ ይዞ፣ ገደል ወርዶ፣ ከተተከለ ድንጋይ ደርሶ የሚዞር ወሰን ነው፤ ጠብ ሲነሣም ማስረጃው የሽማግሌ ቃል ነው።

ከሸዋ ወደ ደቡብ ሲወረድ ነገሩ ይለያል። ከምኒልክ መስፋፋት በኋላ መሬቱ በገመድ፣ ማለትም በቀላድ ተለክቶ በጋሻ ተቆጠረ፤ ለመንግሥት፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለባላባትና ለወታደር ተደለደለ። አንድ ጋሻ በአማካይ 40 ሄክታር ያህል ይባላል እንጂ መጠኑ እንደ መሬቱ ልምነት ይለያይ ነበር። ከጣሊያን መውጣት በኋላ በ1934 የወጣው የግብር ደንብም መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ከፍሎ በጋሻ 15፣ 10 እና 5 ብር ጣለበት። እዚህ አገር መስመር የሚሰመረው ግብሩ ከማን እንደሚሰበሰብ ለማወቅ ነበር።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገሪቱን በ12 ጠቅላይ ግዛቶች ከፋፈላት፤ ከጠቅላይ ግዛት አውራጃ፣ ከአውራጃ ወረዳ፣ ከወረዳ ምክትል ወረዳ እያለ ይወርዳል። ከምክትል ወረዳ በታች ግን አዲስ ወሰን አልሰመረም። እዚያ ያለውን ለጭቃ ሹም፣ ለባላባትና፣ ከ1939 ጀምሮ ደግሞ በአዋጅ ለተቋቋመው አጥቢያ ዳኛ ተወው። መንግሥት ወደ መንደር የሚገባው በእነዚህ ሰዎች በኩል እንጂ በካርታ አልነበረም።

በካርታና በልኬት ለመግባት ሲሞክር የሚገጥመውን ጎጃም አሳይቷል። ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ በጋሻ አልተለኩም፤ ግብራቸው በጅምላ የተቆረጠ ነበር። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ ገማቾች ወደ ገጠር ሲወርዱ ገበሬው ከግብሩ ይልቅ ልኬቱን ፈራ። ዛሬ ማሳዬን የለካ ነገ ርስቴን ይነጥቀኛል ብሎ ተነሣ። አመፁ ከወረዳ ወረዳ ተዛመተ፤ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴ ተነሡ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ውዝፍ ግብሩን ማሩ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አውራጃዎች በራሳቸው ምክር ቤት እንዲተዳደሩ የወጣው የ1958 ትእዛዝም እንዲሁ ወረቀት ላይ ቀረ። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ የመንደር ወሰን ገና የመንደሩ ነበር።

ዘማቾቹ

ይህን የለወጠው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ነው። ከታኅሣሥ 1967 ጀምሮ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ። ሁለት ወር ተኩል ሳይሞላ የመሬት አዋጁ ወጣ፤ የገበሬ ማኅበር ማደራጀቱም በአብዛኛው በእነሱ ላይ ወደቀ። መሬት ቀያሽ አልነበሩም፤ ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። 800 ሄክታር የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚለካ መሣሪያ በእጃቸው አልነበረም። ስለዚህ በብዙ ቦታ የተደረገው አገሬውን መጠየቅ ነው፤ ወንዙን፣ ጋራውን፣ የቀድሞውን አጥቢያ ወይም የባላባቱን ይዞታ እየተከተሉ አዲሱን ማኅበር ማስፈር።

በደቡብ ጭሰኛው የሚካፈለው የባላባት መሬት ስለነበረ ማኅበሩ ወዲያው ሥራ አገኘ። በርስት አገር ግን አዋጁ ራሱ ገበሬው የሚያርሰውን ይዞ እንዲቆይ ፈቅዶ ነበር። ስለዚህ ማኅበሩ መጀመሪያ ላይ ከማካፈል ይልቅ የመሰየም ሥራ ሆነ፤ አጥቢያው ሊቀመንበርና የፍርድ ሸንጎ አገኘ። ለዘላን መሬት አዋጁ የተለየ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ይሁን እንጂ ክረምትና በጋ እየተከተለ ከብቱን ለሚነዳ ሕዝብ በሄክታር የተለካ ማኅበር አይገጥምም። ቦረና ውስጥ ጥልቁ የውኃ ጉድጓድ የጎሳ ነው፤ አባት አለው፣ ተራ አለው፤ የማንም ቀበሌ ንብረት ሆኖ አያውቅም።

ታኅሣሥ 1968 ላይ ሌላ አዋጅ መጣ። ማኅበራቱ የሕግ ሰውነት፣ የአብዮት ጥበቃ ጓድና የሴቶች ማኅበር ኖራቸው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ20 ሺህ አለፈ። መሬት ለማካፈል የተሰመረው ክልል ቀስ በቀስ ሌላ ሸክም ተጫነበት፤ ግብር ይሰበሰብበታል፣ የኮታ እህል ይመደብበታል፣ ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄደው ወጣት ይመለመልበታል። አንድ ገበሬ ከወንዙ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ የሚለው ጥያቄ ልጁ ይዘምታል ወይስ ይቀራል ወደሚል ጥያቄ ተለወጠ። በወሰን መጣላት የማሳ ጉዳይ ብቻ መሆኑ የቀረው ያኔ ነው።

መጣመርና መከፈል

በ1980 ሕገ መንግሥት ሥር አገሪቱ በ24 የአስተዳደርና በ5 ራስ ገዝ አካባቢዎች ስትደራጅ የተናጋው የላይኛው ካርታ ነበር፤ የታችኛው እምብዛም አልተነካም። ከ1983 ለውጥ በኋላ የሆነው ግን ከላይም ከታችም ነው። አውራጃ ቀረ፣ ዞን መጣ፣ ወረዳ የአስተዳደሩ ዋና መሠረት ሆነ። የገበሬ ማኅበራት በብዙ ቦታ ሁለትም ሦስትም እየሆኑ ተጣምረው የቀበሌ አስተዳደር ተባሉ፤ ቀድሞ በሐምሌ 1967 አዋጅ ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበር የተሰጠው ስም ወደ ገጠርም ዘለቀ። የ20 ጋሻው ልክ በዚህ ፈረሰ። ከማለዳ እስከ ምሳ ይዞር የነበረው ወሰን አሁን ቀን ሙሉ የሚያስኬድ ሆነ፤ የቀድሞው ማኅበርም የቀበሌው ጎጥ ሆኖ ወረደ።

የጥምረቱ ውጤት በአማራ ክልል በ1989 በግልጽ ታየ። በዚያ ዓመት በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ በደርግ ዘመን ሥልጣን የነበራቸው «ቢሮክራት» የተባሉ ገበሬዎች አራት ጥማድ፣ አንድ ሄክታር ገደማ ብቻ ሲፈቀድላቸው፣ ሌላው እስከ ሦስት ሄክታር መያዝ ይችል ነበር። ከእነሱ የተረፈው መሬት የሚከፋፈለው በዚያው ቀበሌ ውስጥ ነው። እንግዲህ አዲስ ጎጆ የወጣ ወጣት ድርሻው የሚወሰነው በችሎታው ወይም በችግሩ ብቻ ሳይሆን፣ ከዓመታት በፊት ዘማች ተማሪና የአገር ሽማግሌ ተነጋግረው ባኖሩት ወሰን በየትኛው በኩል በመወለዱ ነበር። ሰፊ መሬት ያለው ቀበሌ ሰጠ፤ የጠበበው ግን ወጣቱን ባዶ እጁን መለሰ።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ መስመሩ አገልግሎት ይዞ መጣ። በጀት ከክልል ወደ ወረዳ ይወርድ ጀመር። በየገጠር ቀበሌው ሦስት የግብርና ልማት ሠራተኞችና ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንዲመደቡ፣ ለ5 ሺህ ያህል ሰው አንድ ጤና ኬላ እንዲኖር የሚለው አሠራር ተዘረጋ። ስሌቱ በቀበሌ ነውና ሕዝቡም ትምህርቱን ቶሎ ቀሰመ። ጤና ኬላው ከወንዝ ማዶ የቀረበት፣ ክረምት ሲገባ ድልድይ የሌለው ጎጥ «ራሳችንን እንቻል» ይላል። አዲስ ቀበሌ ማለት አዲስ ትምህርት ቤት፣ አዲስ ጤና ኬላ፣ ለተማረ ልጅ አዲስ የሥራ መደብ ነው። ወረዳዎች ለሁለት የተከፈሉበት ምክንያትም በአብዛኛው ይኸው ነው። በጀቱ ግን በመስመር ብዛት አይጨምርም፤ ሁለት የሆነው ቀበሌ ብዙ ጊዜ የሚካፈለው ያንኑ የቀድሞውን እንጀራ ነው።

የመስመሩ ክብደት

ወሰኑ ሌላም ክብደት አለው፤ ማንነት። የ1987 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 48 በክልሎች መካከል የወሰን ጥያቄ ሲነሣ መጀመሪያ በስምምነት እንዲፈታ፣ ካልሆነ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝብ አሰፋፈርንና የሕዝብ ፍላጎትን መሠረት አድርጎ እንዲወስን ይደነግጋል። በዚህ መሠረት በጥቅምት 1997 በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል ከ400 በላይ በሆኑ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ ከቀበሌዎቹ አብዛኞቹ ወደ ኦሮሚያ ተካለሉ። ድምፁ የተቆጠረው በቀበሌ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ለመሬት ክፍፍል የተፈለሰፈው ክልል የሁለት ሕዝቦችን ወሰን መለኪያ ሆነ ማለት ነው። አርብቶ አደሩ ግን ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቀበሌ አይቀመጥም፤ ድምፅ በሚሰጥበት ቀን የት ነበር የሚለው ራሱ ክርክር ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ መስመሩን ያጸናው የመሬት ደብተር ነው። በትግራይ ከ1990፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ማግኘት ጀመረ። በመጀመሪያው ዙር ማሳው በገመድ ተለክቶ፣ በአራቱም አቅጣጫ ያሉ አዋሳኞች በስማቸው ተመዝግበዋል። ሁለተኛው ዙር በአየር ፎቶ ላይ ማሳውን እያሰመረ ሄደ። እዚያ ላይ ቀድሞ ያልተጠየቀ ጥያቄ ወጣ። በሁለት ቀበሌዎች መካከል ያለው የግጦሽ መሬት የማን ነው? ሽማግሌው በጣቱ ያመለከተው ወንዝ አርባ ዓመት ሙሉ መንገዱን ሲቀይር ኖሮ ወሰኑ አብሮት ሄዷል ወይስ ቀርቷል? የሕዝብና የቤት ቆጠራም ከ1999 ወዲህ ስላልተደገመ፣ የትኛው ቀበሌ ስንት ሰው እንደያዘ የሚለው ክርክር በአሮጌ ቁጥር ነው የሚካሄደው።

እንዲህ ሲታይ መንግሥታቱ ሁሉ በመንደር ወሰን ላይ የጠየቁት አንዳንድ ጥያቄ ነው። የንጉሡ መንግሥት ማን ይገብራል አለ፣ ደርግ ስንት ሄክታር አለ፣ የኋለኛው ስንት ሰውና የየትኛው ወገን አለ። ገበሬው ግን በየትኛውም ጥያቄ ሙሉ በሙሉ አልተካተተም። ዕድሩ፣ ሰንበቴው፣ መስጊዱ፣ ደቦው በቀበሌ መስመር አልቆመም፤ አሁንም ከሁለትና ከሦስት ቀበሌ ሰው ለአንድ ቀብር ይወጣል። ከ1967ቱ መስመሮች ሳይነኩ የቆዩት ብዙዎቹ አጥቢያውን ተከትለው የተሰመሩት መሆናቸውም ድንገት አይደለም።

ስለዚህ ቀበሌ ሊከፈል ወይም ሊጣመር ሲታሰብ ከካርታው ጠረጴዛ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ወሰኑን አብረው በእግራቸው ይዙሩት፤ የውኃው፣ የግጦሹና የመቃብሩ ቦታ ለማን እንደሚሆን በቃለ ጉባኤ ይፈረም፤ የይዞታ ደብተሮቹ ወደየትኛው መዝገብ እንደሚዛወሩ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ጤና ኬላውና ትምህርት ቤቱ በመስመሩ ምክንያት ለማንም አይዘጋ። ዘማቾቹ ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜም ሥልጣንም አልነበራቸውም፤ ያም ሆኖ አገሬውን ጠይቀው ያሰመሩት ወሰን በወንበር ተቀምጦ ከተሰመረው ይልቅ ዕድሜ አግኝቷል። የዛሬው የወረዳ አስተዳደር ከእነሱ የሚበልጥ ጊዜና መሣሪያ አለው፤ ሳይጠይቅ የሚያሰምርበት ምክንያት የለውም።