ዊት እና ዊድ፦ በግብርና ግብዓቶች ላይ የሚገኙ፣ ድምፃቸው የሚመሳሰል የእንግሊዝኛ ቃላትና ትርጉማቸው

በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ የመኸር እርሻ ሲጀመር ዘር፣ ማዳበሪያና ኬሚካል በአንድ ወቅት ወደ አርሶ አደሩ ቤት ይገባሉ። በጆንያው፣ በጠርሙሱና በፓኬቱ ላይ የእንግሊዝኛ ቃላት ይበዛሉ። እነዚህ ቃላት ከሻጭ ወደ ገዥ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት በአፍ ሲተላለፉ ድምፃቸው የተቀራረበው እርስ በርስ ይምታታል። ስህተቱ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ሰብሉ ከጠወለገ በኋላ ነው።

በአማርኛ የቃልን ትርጉም ከሚለዩት ነገሮች አንዱ የፊደል መጥበቅና መላላት ነው። «ዋና» ላልቶ ሲነበብ በሐይቁ ውስጥ የሚዋኘው ዋና ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን አለቃ ወይም ቁልፍ የሆነ ነገር ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ልዩነቱን የሚፈጥሩት በአብዛኛው የአናባቢው ርዝመት፣ የቃሉ የመጨረሻ ድምፅና ከፍ ተደርጎ የሚነገረው ክፍል ናቸው። የአማርኛ ጆሮ እነዚህን ለመለየት ስላልለመደ ሁለቱን ቃላት አንድ አድርጎ ይሰማቸዋል።

ዊት፣ ዊድ፣ ሲድ እና ሳይድ

«ዊት» ስንዴ፣ «ዊድ» አረም ነው። የመጀመሪያው በ«ት» ድምፅ አጠር ብሎ ይቆረጣል፤ ሁለተኛው ሳብ ተደርጎ በ«ድ» ያበቃል። «ሲድ» ዘር ሲሆን «ሳይድ» ግን ከላቲን የመጣ፣ «ገዳይ» የሚል ትርጉም ያለው የቃል መድረሻ ነው። «ሲድ» የሚዘራውን፣ «ሳይድ» የሚገድለውን ያመለክታል።

«ዳይ» የሚለው ድምፅም ሁለት ቃል ነው፤ አንዱ መሞት፣ ሌላው የማቅለሚያ ቀለም። አነባበባቸው ፈጽሞ አንድ ነው፤ የሚለያዩት በአጻጻፍ ብቻ ነው። በኬሚካል የታሸ ዘር ቀይ ወይም ሌላ ቀለም የሚቀባው ከእህል እንዲለይ ነው። እንዲህ ያለ ዘር ቢተርፍ አይበላም፣ አይፈጭም፣ ለዶሮም አይሰጥም።

የ«ሳይድ» ቤተሰብ

«ኸርቢሳይድ» አረም ገዳይ፣ «ኢንሴክቲሳይድ» ነፍሳት ገዳይ፣ «ፈንጊሳይድ» እንደ ዋግ ያሉ የፈንገስ በሽታዎችን መከላከያ፣ «ሮደንቲሳይድ» አይጥ ገዳይ ነው። «ፔስቲሳይድ» የሁሉም የጋራ መጠሪያ ስለሆነ በጠርሙስ ላይ ብቻውን ቢጻፍ ኬሚካሉ ምን እንደሚገድል አይናገርም።

ችግሩን የሚያብሰው ሁሉንም «መድኃኒት» ብሎ መጥራት ነው። ማሾው ክሽክሽ ያረፈበት ገበሬ «የማሾ መድኃኒት» ብሎ ቢጠይቅና ቱፎርዲ ቢሰጠው፣ ክሽክሹን ሳይሆን ማሾውን ያጣል። ቱፎርዲ ቅጠለ ሰፊ አረምን የሚገድል ኸርቢሳይድ ነው። በተገቢው ጊዜና መጠን ሲረጭ ጤፍን፣ ስንዴንና ማሽላን አይጎዳም፤ ማሾ፣ ባቄላና ሽምብራ ግን ራሳቸው ቅጠለ ሰፊ ናቸው። በ«ኸርቢ» እና በ«ኢንሴክቲ» መካከል ያለው ልዩነት በማሳው ላይ የአንድ ዓመት ምርት ነው።

ፍላወር፣ ረስት እና ላይም

«ፍላወር» አበባም ዱቄትም ነው፤ ድምፁ አንድ፣ አጻጻፉ ሁለት ነው። በመለያ ላይ ሲገኝ በአብዛኛው የሚያመለክተው ሰብሉ የሚያብብበትን ጊዜ ነው። ሰብል ሲያብብ ኢንሴክቲሳይድ መርጨት ንቦችን ስለሚጨርስ ቃሉን መለየት ለንብ አርቢውም ይጠቅማል። «ረስት» በብረት ላይ ዝገት፣ በስንዴ ላይ ዋግ ነው። «ላይም» ደግሞ ሎሚም ኖራም ይባላል፤ ለአሲዳማ አፈር የሚታዘዘው ኖራው ነው።

ፊፍቲን እና ፊፍቲ

ከሁሉም አደገኛው የቁጥር ስም ነው። «ፊፍቲን» 15፣ «ፊፍቲ» 50 ነው። የመጀመሪያው ሲነገር መጨረሻው ከፍና ረዘም ይላል፤ በሁለተኛው ግን ከፍ የሚለው መጀመሪያው ነው። 13 እና 30፣ 14 እና 40ም በዚሁ መንገድ ይምታታሉ። 15 ሚሊ ሊትር የታዘዘን 50 አድርጎ መበጥበጥ መጠኑን ከሦስት እጥፍ በላይ ያደርገዋል፤ ሰብሉንም የሚረጨውንም ሰው ይጎዳል። ስለዚህ መጠን ምንጊዜም በአማርኛ «አሥራ አምስት» ወይም «ሃምሳ» ተብሎ ቢነገርና በቁጥር ቢጻፍ ይመረጣል።

ኤንፒኤስ እና ዘመዶቹ

«ኤንፒኤስ» ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለው ማዳበሪያ ነው። «ኤንፒኤስቢ» ቦሮን ተጨምሮበታል፤ «ኤንፒኬ» ደግሞ በሰልፈር ፈንታ ፖታሺየም ይዟል። «ፐ» ለአማርኛ መጤ ድምፅ በመሆኑ በብዙ ሰው አንደበት ወደ «በ» ስለሚጠጋ «ፒ» እና «ቢ» ይቀላቀላሉ። ዩሪያ ከእነዚህ የተለየ ነው፤ ከመቶ ኪሎው 46ቱ ናይትሮጅን ሲሆን ፎስፈረስ የለውም። ስለሆነም አንዱ ሌላውን አይተካም።

የአንድ ቃል ዋጋ

የአንድ ቃል ልዩነት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለአምባሰል ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በወረዳው በምትገኘው ውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ኢትዮጵያ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «እንደምትችል» ሲገልጽ፣ የጣልያንኛው ቅጂ ግን ግዴታ አደረገው። በዚያ ያጣላው የድምፅ መመሳሰል ሳይሆን የትርጉም መለያየት ነበር፤ አለመግባባቱ ግን ወደ ዓድዋ ጦርነት ካመሩት ምክንያቶች አንዱ ሆኗል። በማሳ ላይ ያለው ጉዳት ከዚያ ያንሳል፤ ቢሆንም የአንድን ቤተሰብ ጎተራ ባዶ ለማድረግ ይበቃል።

ለመለየት የሚረዱ ነጥቦች

• ኬሚካል ሲጠየቅ ከስሙ በፊት ሥራው በአማርኛ ይነገር፦ የትኛው ሰብል፣ ምን ዓይነት አረም፣ ተባይ ወይም በሽታ እንዳጠቃው።

• የተጎዳው ቅጠል ወይም የቀድሞው ዕቃ መለያ ለሻጩና ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይታይ። ባዶው ዕቃ ግን ለውኃም ሆነ ለምግብ መያዣ አይዋል።

• በመለያው ግርጌ ያለው የቀለም መስመር ይታይ። ቀይ እጅግ አደገኛ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ ሰማያዊ ዝቅ ያለ፣ አረንጓዴ ከሁሉም ያነሰ አደጋን ያመለክታል። ቀለሙ የሚናገረው በሰው ላይ ስላለው አደጋ ነው፤ ኬሚካሉ አረም ወይም ነፍሳት ገዳይ መሆኑን አያሳይም።

• መለያ በሌለው ጠርሙስ ተገልብጦ የሚሸጥ ኬሚካል አይገዛ።

• እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች ባሉበት ቤት መለያው ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲነበብ ይደረግ፤ የቃሉ መጨረሻ «ት» ይሁን «ድ»፣ «ቲን» ይሁን «ቲ» በጽሑፉ ይረጋገጥ። ጆሮ የሚያምታታውን ዓይን ይለየዋል።