ከብሎኩ ልጀምር

የሆት ሮድን፣ ማለትም ለፍጥነት ጉልበቱ የተጨመረለትን አሮጌ መኪና፣ ታሪክ የሚጽፉ ብዙዎች በቀለሙና በውድድሩ ይጀምራሉ። እኔ መካኒክ ነኝና ከብሎኩ ልጀምር።

እ.ኤ.አ. በ1932 ፎርድ ስምንቱ ሲሊንደሮች በአንድ ወጥ ብሎክ የተሠሩበትን ቪ8 ሞተር በርካሽ መኪና ላይ ገጠመ፤ 3.6 ሊትር፣ 65 የፈረስ ጉልበት። እስከዚያ ቪ8 በአብዛኛው የባለጠጋ ነበር። እኔ ካለሁባት ከካሊፎርኒያዋ ካምቤል በስተሰሜን፣ ሪችመንድ ላይ በ1931 የተከፈተው የፎርድ ፋብሪካ መኪኖቹን ለዚህ አካባቢ ይገጣጥም ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ አሮጌ ፎርድ በትንሽ ገንዘብ ይገኝ ነበር፤ ሠራዊት ውስጥ ሞተር መፍታት የተማሩ ወጣቶችም ተመልሰዋል። ካምቤል ያኔ የፕሪምና የአፕሪኮት እርሻ ነበረች፤ በከተማነት የተመዘገበችው በ1952 ነው።

ጎረቤቴ ሽማግሌው ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ የፎርድ ቪ8 ጋራዡ ውስጥ ሲገጥም አግዘዋለሁ። ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ሱማሌ ተራ አካባቢ የፊያት ሞተር እያወረድኩ ስለሆነ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ኮሎና ሁለቱን የሚያገናኘው ቢየላ አዲስ አልሆኑብኝም። የቫልቮቹ አቀማመጥ ግን ልቤን ገዛው። ቴስታታው ክዳን ብቻ ነው፤ ቫልቮቹ ያሉት ብሎኩ ውስጥ ነው። ፋብሪካው ክፍተታቸውን የሚያስተካክል ቡሎን አላበጀላቸውም። ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቩ ይወጣል፣ የእግሩ ጫፍ በጥንቃቄ ይሞረዳል፣ ተመልሶ ገብቶ ይለካል። ቫልቮቹ አሥራ ስድስት ናቸው። ይህን በእጁ ያልሠራ ሰው የእነዚያን ወጣቶች ትዕግሥት የሚረዳ አይመስለኝም።

ከሁሉ የሚከፋው ሙቀቱ ነው። የጭሱ መንገድ በሲሊንደሮቹ መካከል ብሎኩን አቋርጦ ያልፋል፤ በየጎኑ መሃል ያሉት ሁለት ሲሊንደሮች አንድ መውጫ ይጋራሉ። ስለዚህ አሮጌ ብሎክ ከመገጠሙ በፊት ስንጥቅ ይፈለግበታል። የቴስታታው ማሰሪያዎችም ውሃው ድረስ ስለሚዘልቁ ጥርሳቸው ማሸጊያ ካልተቀባ ውሃ ያፈሳሉ።

ጉልበት የሚጨመረው በመዳቀል ነበር። ከ1949 እስከ 1953 የተሠራው፣ የፎርድ ኩባንያ ሌላ መኪና የሆነው የሜርኩሪ ኮሎ ፎርዱ ውስጥ ሲገባ የፒስተኑን ጉዞ በ6 ሚሊሜትር ገደማ ያረዝመዋል። ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይሰፋል። ሁለት ካርቡራተር የሚሸከመውን ማኒፎልድ ደግሞ ሎስ አንጀለስ የነበረው ቪክ ኤደልብሮክ ይሸጥ ነበር።

በ1950 ኦክላንድ ላይ በተደረገው ትርዒት፣ የአሜሪካ እጅግ ውብ ሮድስተር የሚለውን ሽልማት መጀመሪያ የወሰደው የቢል ኒካምፕ የ1929 ፎርድ ነው። ዋንጫው የሚገባው ነበር። ለእኔ ግን የዚህ ልማድ ታሪክ ያለው ከትርዒቱ አዳራሽ ይልቅ በየቤቱ ጋራዥ ነው።

በ1955 ሼቭሮሌ ባለ162 ፈረስ ቪ8 አወጣ፤ ቫልቮቹ ቴስታታው ላይ ናቸው፣ ሙቀት አያስቸግረውም። ብዙው ሰው ወደዚያ ዞረ። ጎረቤቴ አልዞረም፤ እኔም ደግ አደረግህ ብየዋለሁ። አሁን የቀረን ዲስትሪቢዩተሩ ነው። ሞተሩ ፊት ላይ ከካምሻፍቱ ጋር በቀጥታ ስለሚያያዝ፣ ፕላቲኖቹን ከመግጠማችን በፊት ጠረጴዛ ላይ እናስተካክላቸዋለን።