ከበረዶ ንግድ እስከ ውሻ ሳህን፦ በቤት የሚዘጋጅ የውሾች በረዷማ ምግብ ታሪክ

በአሜሪካ በብዙ ቤቶች በበጋ ወራት የሥጋ መረቅን፣ እርጎን ወይም የተፈጨ ዱባን በበረዶ መሥሪያ ውስጥ አጠጥሮ ለውሻ መስጠት የተለመደ ሆኗል። ልማዱ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ቢመስልም ሊፈጠር የቻለው ለየብቻ የተጓዙ ሦስት ታሪኮች በ20ኛው ክፍለ ዘመን በመገናኘታቸው ነው፤ እነርሱም በረዶ ከባለጸጎች ማዕድ ወደ ተራው ሰው ጓዳ የገባበት፣ የውሻ ምግብ ከቤት ወደ ፋብሪካ ወጥቶ በከፊል ወደ ቤት የተመለሰበት፣ የውሻ አካል ከሰው አካል የሚለይባቸው ነገሮች የታወቁበት ታሪክ ናቸው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

የመጀመሪያው ታሪክ ከሰው ሠራሽ ቅዝቃዜ በፊት ይጀምራል። ፍሬድሪክ ቱዶር የተባለው የቦስተን ነጋዴ በ1806 ከኒው ኢንግላንድ ኩሬዎች የተቆረጠ በረዶ በመርከብ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ልኮ፣ በረዶ በሩቅ አገር የሚሸጥ ሸቀጥ የሆነበትን ንግድ ጀመረ። ናትናኤል ዋይዝ በ1820ዎቹ በፈረስ የሚጎተት የበረዶ መቁረጫ ሲሠራ ድካሙና ወጪው ስለቀነሰ፣ በረዶ በከተሞች እየረከሰ ሄደ፤ ቤተሰቦችም ምግብ ለማቆየት የበረዶ ሣጥን፣ ማለትም በውስጡ የበረዶ ብሎክ የሚቀመጥበት የእንጨት ቁምሳጥን መጠቀም ያዙ። ይሁን እንጂ ይህ ሣጥን ምግብን ያቀዘቅዛል እንጂ በረዶ አያደርግም ነበር። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ1927 ለገበያ ያቀረበውን የመሰሉ የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣዎች ከተስፋፉና፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፍሪዘር የቤት ዕቃ ከሆነ ወዲህ ግን፣ ማንኛውም ቤተሰብ ፈሳሽን በፈለገው ቅርጽ ማጠጠር ቻለ።

ሁለተኛው ታሪክ የውሻው መኖ ነው። ለብዙ ዘመናት ውሻ የሚበላው ከሰው ማዕድ የተረፈውን፣ አጥንትንና የእርድ ቤት ተረፈ ምርትን ነበር። በ1860ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ ይኖር የነበረው አሜሪካዊው ጄምስ ስፕራት ከስንዴ፣ ከአትክልትና ከሥጋ የተዘጋጀ የውሻ ብስኩት አምርቶ በመሸጥ፣ ለውሻ ተብሎ የተሠራ የፋብሪካ ምግብን የንግድ ዕቃ አደረገው። በ1920ዎቹ በአሜሪካ በፈረስ ሥጋ የተሞላ የቆርቆሮ ምግብ ተከተለ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቆርቆሮ ለጦር ሥራ በመፈለጉ ደግሞ ደረቅ ምግብ ገበያውን ያዘ። ፋብሪካው ለባለቤቱ ጊዜ ቢቆጥብለትም፣ ለውሻው በገዛ እጁ አንድ ነገር የማዘጋጀትን ደስታ ወሰደበት፤ በቤት የሚሠራ የውሻ መክሰስ ቦታ ያገኘውም በዚህ ክፍተት ነው።

ሦስተኛው ታሪክ የእውቀት ነው። ውሻ እንደ ሰው በመላ ቆዳው አያልበውም፤ የላብ ዕጢዎቹ በዋነኛነት በመዳፉ ላይ የሚገኙ ስለሆኑ፣ የሰውነቱን ሙቀት የሚቀንሰው በማለክለክ፣ ማለትም በምላሱና በመተንፈሻ አካላቱ ላይ ያለውን እርጥበት በፍጥነት በማትነን ነው። በሙቀት ወቅት ቀዝቃዛ ነገር መላስ ደስ የሚያሰኘው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ለሰው የተሠራ አይስ ክሬም አይስማማውም፤ ብዙ አዋቂ ውሾች በወተት ውስጥ ያለውን ላክቶስ የተባለ ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም ስለሚያንሳቸው፣ ወተት በብዛት ሲሰጣቸው ሆዳቸው ይነፋል፤ ተቅማጥም ይይዛቸዋል። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሥነ ምግብ መምህር የነበሩት ዊልያም ቲዝኒክ ይህን ችግር ተመልክተው፣ ለውሻ ሆድ የሚስማማ በረዷማ ምግብ ቀመሩ፤ እርሱም ፍሮስቲ ፖውስ በሚል ስም ለሽያጭ ቀርቦ በመላ አሜሪካ ታወቀ።

ልማዱ ወደ ቤት ጓዳ እንዲዘልቅ ሁለት ነገሮች አግዘዋል። አንደኛው በ1970ዎቹ በኮሎራዶ የተሠራው፣ ኮንግ የሚባለው ውስጡ ክፍት የሆነ የጎማ መጫወቻ ነው፤ ባለቤቶች ውስጡን በምግብ ሞልተው በፍሪዘር ሲያስቀምጡት፣ ውሻው ምግቡን ልሶ ለመጨረስ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድበት፣ በረዶው ምግብም ሥራም ይሆንለታል። ሁለተኛው በ2007 የደረሰው አደጋ ነው፤ ሜላሚን የተባለ የኢንዱስትሪ ኬሚካል የተቀላቀለበት ግብዓት በቤት እንስሳት ምግብ ውስጥ ተገኝቶ፣ እጅግ ብዙ ምርት ከገበያ በመሰብሰቡ፣ በርካታ ባለቤቶች በፋብሪካው ላይ የነበራቸው እምነት ተናግቶ በጓዳቸው ማዘጋጀትን መረጡ።

ወደ ቤት የተመለሰው ሥራ ግን ከነኃላፊነቱ ተመለሰ። ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ፣ በአንዳንድ የለውዝ ቅቤ ዓይነቶች ውስጥ ሳይቀር የሚገኝ ሲሆን፣ በውሻ አካል ኢንሱሊን በብዛት እንዲመነጭ አድርጎ የደም ስኳርን በድንገት ይጥላል፤ ጉበትንም ሊጎዳ ይችላል። በቸኮሌት ውስጥ ያለውን ቴዎብሮሚን ውሻ ቶሎ ከሰውነቱ ማስወገድ አይችልም፤ ወይንና ዘቢብ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ ሽንኩርትም የቀይ የደም ሴሎችን ስለሚያፈርስ ሽንኩርት የገባበት መረቅ አይሰጥም። ድንጋይ ያህል የጠጠረ ትልቅ በረዶም ጥርስ ሊሰብር ስለሚችል፣ በትንንሹ ወይም ለስለስ አድርጎ ማቅረብ ይገባል። በሙቀት ተመትቶ የተዝለፈለፈን ውሻ ደግሞ ወደ እንስሳት ሐኪም በፍጥነት መውሰድ እንጂ በበረዷማ ምግብ ማከም አይቻልም።

የዚህ ትንሽ ልማድ ታሪክ የሚያስተምረው ትልቅ ቁም ነገር አለ። በረዶ መርከሱ ልማዱን የሚቻል አደረገው፤ ፍቅር ደግሞ ተፈላጊ አደረገው፤ ደኅንነቱን የጠበቀው ግን ውሻን እንደ ትንሽ ሰው ከማየት ይልቅ የራሱ ተፈጥሮ ያለው ፍጥረት መሆኑን የተቀበለው እውቀት ነው። ስለዚህ ለውሻው የሚያዘጋጅ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ለራሱ የሚጣፍጠውን ሳይሆን ለእንስሳው አካል የሚስማማውን ነው።